መጨረሻውን አብረን

አምሮት በሚባለው የዌልስ ባሕር ዳር፣ ረጅሙ የእግረኞች መንገድ ከሚያበቃበት ድንጋይ አጠገብ ኔሪስ ሻይ ትሸጣለች። አንድ ቀን ስልሳን የተሻገረች አንዲት መንገደኛ ፊቷ በነፋስ ተላጦ፣ ጫማዋን በሲባጎ አስራ፣ የወንድሟን ውሃ ጭምር ተሸክማ መጣች።

«በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተጓዝን ነው እዚህ የደረስነው። መጨረሻውን አብረን ልናየው ቃል ተገባብተን ነበር» አለቻት።

ወንድሟ ከኋላ ሲደርስ ኔሪስ ፈገግ አለች። «እንዴ፣ እርስዎ ነዎት? አምና ከባለቤትዎ ጋር ስትጨርሱ ፎቶ ያነሳኋችሁ እኔ አይደለሁም?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ? ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ ‹መጨረሻው ምን ይመስል ይሆን?› እያልከኝ?»

ኔሪስ በልቧ፣ ምነው አፌን በቆረጠው አለች። ሴትየዋ ግን ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ለድንጋዩ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ፊቷን አዙራ በመጣችበት ተመለሰች።