አያቴ ዛሬ አዳኙን በስልክ መለሱት

ዛሬ ጠዋት አያቴ የዘንድሮውን ብቸኛ ደንበኛችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር አባረሩት። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

ለማታውቁን፦ አያቴ የውጭ አገር አዳኞችን ተራራ አውጥተው የደጋ አጋዘን ያሳድናሉ። ቢሯችን ፒያሳ፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ነው።

ስልክ ሲያወሩ ሸለቆ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ይጮኻሉ። «አባባ፣ ሩቅ ያለው ሰውየው እንጂ ስልኩ አይደለም» ብላቸው ማን ሰምቶኝ!

ዛሬ የደወለው አዳኝ «ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ሰላም ነው ወይ?» አለ። ሌሎች የአደን ድርጅቶች «ምንም ችግር የለም» ብለውታል።

አያቴ ኬክ ቤቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ «የልጅ ልጄን በማልልክበት መንገድ የሰው ልጅ አልወስድም በለው!» አሉ።

«አባባ፣ ትንሽ ላለሳልሰው?»

«እንዳልኩህ በለው!»

እንዳሉኝ አልኩት። ሰውየው አመስግኖ ጉዞውን ሰረዘ።

ከዚያ በቅሎ አዘጋጅተው ለሚጠብቁን ዱካ ፈላጊያችን ለጋሽ ቱፋ ደወሉ። «ቱፋ፣ በቅሎዎቹን መልሳቸው። ዘንድሮ ሥራ የለም።»

ይሄኛውን ጮኸው አልተናገሩም። አጠገባቸው ቆሜ እንኳ የሰማሁት በግድ ነው።

እናንተ ቤት እውነት ተናግሮ ገበያውን ያባረረ ሽማግሌ ካለ ጻፉልኝ። አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ብቻ የሆኑ እንዳይመስላቸው።