ዶክተር ቶሎሳ አፋቸውን የከፈቱ ቀን

ባለፈው ሰሞን ለእኛ ለጥርስ ሕክምና መምህራን «የአእምሮዎ ሁኔታ እንዴት ነው?» የሚል ቅጽ ታደለን። ሁላችንም «በጣም ደህና» የሚለው ላይ ምልክት አድርገን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ መለስነው። ያን ያህል ደህና ሰው በአንድ ቢሮ ታጭቆ አይቼ አላውቅም፤ የገነት ሰዎች እንኳ ይቀኑብናል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ዶክተር ቶሎሳን ሳስብ ዋልኩ።

ያኔ እዚሁ አዳማ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሚያዝያ ነው፤ አስፋልቱ ጫማ የሚቀማበት፣ ሐብሐብ ሻጮች ሐብሐባቸው ጥላ ሥር የሚሸሸጉበት ሙቀት። መምህራችን ዶክተር ቶሎሳ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፤ ተማሪ ጥርስ ከመንቀሉ በፊት በመስታወቱ እየነካ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ እሳቸውም መጥተው እንደ አዲስ ይቆጥራሉ። ካልተስማማን ጉጠት አይነሳም።

የዚያን ቀን ብቻቸውን ለአርባ ተማሪ ይሯሯጡ ነበር። እሺ፣ አሥራ ስድስት ነበርን። የእኔ ታካሚ የመቂ ሽንኩርት ደላላ ነው። ቆጠርኩና ጠራኋቸው። ከበሩ ሆነው «እሺ፣ ንቀለው» አሉ፤ አልመጡም። አደንዝዤ ጉጠቱን ሳነሳ ሰውየው እጄን ለቀም አደረገ።

«ኧረ ልጄ! የሚያመኝ ከኋላው ያለው ነው! ይሄ የምበላበት ነው!»

ዶክተር ሮጠው መጡ። ቆጠሩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። የታመመውን ራሳቸው ነቀሉና ይቅርታ ጠይቀው ሸኙት። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እሳቸው የታካሚው ወንበር ላይ ተንጋለሉ።

እኔ ዝምታ አልችልም። «ዶክተር፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት? እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ስል ከፈቱት። የኋላ ጥርሶቻቸው ተፈግፍገው ሜዳ ሆነዋል። ሰው ጭንቀቱን ሲውጥ በእንቅልፉ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

«ያፋጫሉ፣ ዶክተር።»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ» አሉ ጣራውን እያዩ። «ጠዋት መንጋጋዬ አይላቀቅም። ዛሬ ደግሞ፣ ከበሩ እዚህ ወንበር ድረስ መራመድ አቃተኝ።»

«ለኃላፊው እንንገር?»

«ወዲያ! ለማንም እንዳትናገር።»

ወሬ ካልነገርኩ ቁርስ የማይፈጭልኝ ሰው አፌን ዘጋሁ። እንዲያውም ኮራሁ። ሰኔ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። «ውጭ አገር ሊሄዱ ነው» ተባለ፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር አዎ አልኩ።

ከዓመታት በኋላ መቂ፣ ከትንሽዬ ክሊኒካቸው በር ላይ ፓፓያ ሲበሉ አገኘኋቸው። ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ።

«ማስተማር እንዴት እወድ ነበር መሰለህ» አሉ። «ለአንድ ሰው እንኳ በነገርክብኝ!»

«እንዳትናገር ያሉኝ እርስዎ!»

«አዎ። አንተ ደግሞ በሕይወትህ ቃል ያከበርከው ያን ቀን ብቻ!»

ስቀን ስቀን ፓፓያችንን ጨረስን።

ምስጢር ጠባቂ ይመሰገናል፤ እኔ ግን አንድ ጥሩ አስተማሪ በጨዋነቴ ከማስተማር አስቀርቻለሁ። ዛሬ ባልደረባዬ በር ዘግቶ «ለማንም እንዳትናገር» ሲለኝ፣ «እሺ፣ ግን አንድ ሰው ምረጥና አብረን እንሂድ» እላለሁ። የተቀየሙኝ አሉ። አንዷ እስካሁን ሰላምታ ነስታኛለች። ማስተማሯን ግን አልተወችም።