በእኔ ስም የሞተው ደጀኔ

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር ነበረው። እኛ ግን ራሰ በራው እንለው ነበር፤ አናቱ ላይ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረም። የመውጣት ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «እስከ ነገ ጠዋት ያዙት፤ ረዳት ጦር ይደርስላችኋል» ተባልን። ያዝነው። ረዳት ጦሩ የደረሰው በማግስቱ ማታ ነው፤ የሚረዳው ሰው ግን አላገኘም።

ምድባችን ዘጠኝ ሰው ነበር። ደጀኔና እኔ ከአንድ ሰፈር፣ ከመካኒሳ አቦ፣ በአንድ ቀን የተመለመልን ነን። እሱ አዲስ ሙሽራ ነበር። ሚስቱ አስካለ ንፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። እኔ ገና ከእናቴ ቤት ያልወጣሁ ወንደላጤ ነበርኩ። በዚህም ደጀኔ ሲያሾፍብኝ ይውል ነበር።

ስለ ካፖርቱ መናገር አለብኝ፤ ጉዳዩ ሁሉ የተበላሸው በእሱ ነውና። እናንተ ልጆች ብርድ ሲባል ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚነፍሰው ይመስላችኋል። የራሰ በራው ብርድ ጥርስ ያራግፋል። ለዘጠኝ ሰው የተሰጠን አንድ ካፖርት ነበር፤ እሱንም የሚለብሰው ተረኛው ጠባቂ ብቻ ነው። ጥበቃ የወጣ ሰው መትረየሱ ጋ ይቀመጣል፤ ካፖርቱን ይደርባል፤ ተራው ሲያልቅ ለሚቀጥለው ያወርሰዋል። የውስጥ ኪሱ ቁልፍ ስለነበረው መታወቂያችንን፣ ደብዳቤያችንን፣ ፎቷችንን ጥበቃ ስንወጣ እዚያ እንከት ነበር። ተመልሶ እስኪደርሰን እዚያው ቢያድር ግድ አልነበረንም። ማን ይሰርቀናል? ሁላችንም እንዲያ እናደርግ ነበር።

ንጋት ላይ ካፖርቱን ለደጀኔ አስረከብኩት። በዚያ ሌሊት ኪሱ ውስጥ የቀረው የእኔ መታወቂያ ብቻ ነበር፤ ደጀኔ የራሱን ከጓዙ ጋር ምሽጉ ውስጥ ትቶት ነበር።

«አሙቀህ ጠብቀኝ» አልኩት።

«አንተ ደግሞ የእናትህን ብርድ ልብስ አደረግኸኝ እንዴ!» ብሎ ሳቀ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሞርታር ወረደብን። መጀመሪያ ከኋላችን፣ ቀጥሎ ከፊታችን፣ ሦስተኛው መሐላችን። እግረኛው በሁለት በኩል መጣ። ደጀኔ መትረየሱን ይዞ ቀረ። እኛ ግራና ቀኝ ምሽጉ ውስጥ ተበተንን። ሦስት ጊዜ መለስናቸው። ከሦስተኛው በኋላ ከግራ በኩል የሚተኩስ ሰው አልነበረም። ሳጥን ጥይት ተሸክሜ ወደ ደጀኔ ስሳብ «ቶሎ በል!» ሲለኝ ሰማሁ። ከዚያ መንጋጋዬ ተመታ፤ ተንከባልዬ ገደል ገባሁ። ከታች ሆኜ የመትረየሱን ድምፅ እሰማ ነበር። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተቋረጠ።

ያነሡኝ የሌላ ክፍል ሰዎች ናቸው። ሆስፒታል ስገባ አፌ በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ስሜን የሚናገርልኝም ሰው፣ መታወቂያም የለኝም። ራሴን አውቄ እርሳስ እስክይዝ ድረስ ስም የሌለኝ ቁስለኛ ነበርኩ። በዚህ መሐል ኮረብታው ተመልሶ ተያዘ። መትረየሱ ላይ የተገኘው ሬሳ ፊቱ አይለይም። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ግን የእኔ መታወቂያ አለ። ስለዚህ እኔ አየለ መትረየሴን ታቅፌ በጀግንነት ሞትኩ፤ የጀብዱ ሜዳይም ተፈረደልኝ። ስምንት ሬሳ ተቆጠረ። ዘጠነኛው ደጀኔ ጠፋ።

በእኛ ጦር ውስጥ ሰው ዝም ብሎ አይጠፋም ነበር። ከጠፋ ከድቷል። የክፍላችን ኮሚሳር፣ የፖለቲካ ኃላፊያችን፣ ደግሞ ይህንን በጽሑፍ አጸደቀ፤ ደጀኔ መሣሪያውን ጥሎ ወደ ጠላት ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ፈረመ። ኮሚሳሩ በዚያ ቀን ከተራራው ሥር፣ ከሬዲዮ መኪናው አጠገብ ነበር። ከዚያ ቦታ ራሰ በራው እንኳ አይታይም።

መካኒሳ ስመለስ እናቴ በር ላይ አየችኝና ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሰፈሩ ወጥቶ እልል አለ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ትከሻዬን እየጨበጡ «አንተ ሰውዬ፣ እኛ እኮ ንፍሮህን በልተን ጨርሰናል!» አሉኝ። ተሳሳቅን። ለእኔ ድንኳን ተተክሎልኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ተለቅሶልኛል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር ንግግር አድርጎልኛል።

ከሕዝቡ መሐል አስካለን አጣኋት። ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፍታ አየችኝ እንጂ እልል አላለችም።

«አየለ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከድቷል?»

«ሞቷል። እኔ ያስረከብኩትን ካፖርት ለብሶ፣ በእኔ ስም ሞቷል።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ልትጮህ አፏን ከፈተችና በእጇ ከደነችው። ለከዳተኛ አይለቀስምና። ቀበሌው ለእድሩ፣ መርዶ ያልመጣለት ሰው ድንኳን አይተከልለትም ብሎ ነበር። ጥቁር ለብሳ ስትወጣ «ለማን ነው?» ተብላ ተጠይቃ አውልቃለች። ጎረቤት በጓሮ በር እየገባ በሹክሹክታ ያጽናናታል።

«ሜዳይ አልፈልግም» አለችኝ። «መሞቱን ብቻ ይጻፉልኝ። ላልቅስ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሠራዊቱ መዝገብ ክፍል ደጅ ጠናሁ። የእኔ ነገር ቀላል ሆነ። ፎቶዬን አዩ፤ ጠባሳዬን አዩ፤ «ሕያው» ብለው ማኅተም መቱ። የደጀኔን ስጠይቅ ግን ፊታቸው ይቀየራል። የእኔ ስሕተት የማንም ጥፋት አልነበረም። የእሱ ስሕተት የባለሥልጣን ፊርማ ነበረበት። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲገፉኝ ከርመው በመጨረሻ ጉዳዩን የሚወስን ሰው ጋ አስገቡኝ።

ኮሚሳሩ ነበር። ወፍሯል። ደረቱ ላይ ሪባን ደርድሯል፤ አንዱ ለራሰ በራው የተሰጠው ነው። ብርቱካን ይልጣል።

«ጓድ አየለ! ከሞት አስነሥተንሃል፤ ሜዳይህንም አጽድቀንልሃል። ከዚህ በላይ ምን ቀረህ?»

«ሜዳዩ የደጀኔ ነው። መትረየሱ ላይ የሞተው እሱ ነው። ካፖርቱን ያስረከብኩት እኔ ነኝ።»

«የሞተውን አንተ አይተሃል?»

«ገደል ውስጥ ነበርኩ። እርስዎ ሲከዳ አይተውታል?»

ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለ። አልተቆጣም።

«ስማኝ፣ ወንድሜ። አንድ ሰው ሲጎድል የት ሄደ ብሎ የበላይ ይጠይቃል። እኔ መልስ ሰጠሁ። አሁን ተሳስቻለሁ ብል ራሴን ብቻ አይደለም፣ ያጸደቁትን ሁሉ ነው የምነካው። ለአንዲት ሴት እንባ ብለህ ይህን ሁሉ ታተራምሳለህ?» አለና የብርቱካኑን ግማሽ በእርጥብ ጣቶቹ ዘረጋልኝ። «ብላ እንጂ፤ ጣፋጭ ነው።»

ጦርነት ላይ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ። የሰው ሥጋ ከጫማዬ ጠርጌያለሁ። እንደዚያች ግማሽ ብርቱካን ያስጠላኝ ነገር ግን የለም። እስከ ዛሬ ብርቱካን ቤቴ አይገባም፤ የልጅ ልጆቼ ምክንያቱን አያውቁም፤ አሁን ይወቁት። ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለስኩ።

ሜዳዩን አልቀበልም ብዬ ነበር። አስካለ ናት «ውሰደው፤ የእሱ ነው» ያለችኝ። የሰጡኝ ንፋስ ስልክ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። መፈክር ተሰማ፤ ጭብጨባ ሆነ። «ሕይወቱን ለእናት አገሩ የሠዋ» ብለው አነበቡልኝ፤ ጽሑፉን የሚያርም ሰው እንኳ ጠፍቶ ነበር። እኔ ቆሜ ሰማሁ። ከፊት የተቀመጠው ኮሚሳር ያጨበጭብ ነበር። ሜዳዩን ደረቴ ላይ ሰኩት።

ከአዳራሹ በቀጥታ ጋሽ ወልዴ ቤት ሄድኩ። ስሜ ያለበትን የሽልማቱን ወረቀት በጉያዬ አስቀርቼ ሜዳዩን ብቻ እጃቸው ላይ አኖርኩት።

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የደጀኔ።»

ሽማግሌው ነገሩ ገብቷቸዋል። የእኔን ሽልማት ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ሜዳዩን አገላብጠው አዩ። በላዩ የመንግሥት ዓርማ እንጂ የሰው ስም አልነበረበትም።

«ታዲያ መንግሥት የሸለመውን ሰው እኛ ምን ቤት ነን የማንቀብረው?» አሉና ጥሩምባ ነፊውን አስጠሩ።

በማግስቱ ጠዋት አስካለ ደጅ ላይ የእድሩ ድንኳን ቆመ። የደጀኔ የሠርግ ፎቶ ወጣ፤ ኮቱ ተዘረጋ፤ በኮቱ ላይ ሜዳዩ ተሰካ። አስካለ ጥቁሯን ለብሳ ወጣችና ያፈነችውን ሁሉ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ግንባር ላይም አልሰማሁም። በጓሮ በር ይገቡ የነበሩት ጎረቤቶች በፊት ለፊት መጡ።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለት አብዮት ጥበቃ አስከትሎ ደረሰ።

«ይህ ድንኳን በማን ፈቃድ ነው? ሰውዬው ከዳተኛ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ወልዴ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያ ሜዳይ የማን ነው?»

ሊቀ መንበሩ ኮቱን አየ። ዓርማውን አየ። እኔንም አየኝ፤ እኔ ደረቴን ባዶ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ገብቶታል። ግን የመንግሥት ዓርማ ያለበትን ሜዳይ ከድንኳን የሚያስወርድ ትእዛዝ ከአፉ ማውጣት ፈራ። ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለ። ንፍሮ ሲያዞሩ እጁን ዘረጋና ቆነጠረ። አጠገቡ ነበርኩ፤ ሲያኝከው እሰማ ነበር። ግን ብላ አልኩት በልቤ፤ እያንዳንዷን ፍሬ ብላ። የበላኸው የማን ንፍሮ እንደሆነ ከእንግዲህ አላውቅም ማለት አትችልም።

አስካለ ከዚያ ወዲያ ጥቁሯን አንድ ዓመት ለበሰች፤ ማንም አልጠየቃትም። ሜዳዩን እስክትሞት ድረስ አስቀምጣው ነበር፤ አብሯት ተቀበረ።

መዝገቡ ግን አልታረመም። ያ መንግሥት ወደቀ፤ ኮሚሳሩ ወዴት እንደገባ አላውቅም፤ የእኛን ኮረብታ ታሪክ የሚጠይቅም ጠፋ። መዝገቡ ዛሬም የሆነ መጋዘን ውስጥ ካለ፣ እኔ ጀግና ነኝ፤ ደጀኔ ከዳተኛ ነው።

ራሰ በራው ላይ ዘጠኝ ወጣን። በእኔ መዳን መዝገቡ ስምንት የነበረውን ሙት ሰባት አደረገው። እኔ ስምንት እቆጥራለሁ። አንዳንድ ጠዋት ከጀሞ ወደ መካኒሳ በሚሄደው ታክሲ ተቀምጬ በጣቶቼ እቆጥራቸዋለሁ፤ በስምንተኛዋ ጣት ላይ «ደጀኔ» እላለሁ።

እናንተ ልጆቼ፣ እኔ ስሞት ድንኳኔ ውስጥ የምትሰኩት ሜዳይ እንዳትፈልጉ። የለኝም። የሽልማቱን ወረቀት ብታገኙት አታንብቡት፤ ስለ ሌላ ሰው ነው። ንፍሮም ብዙ አትቀቅሉ፤ የእኔ ቀደም ብሎ ተበልቷል።