በርክሌ የማትደርሰዋ መኪና

ባሌ የሚሠራው ሳን ሆዜ፣ የምንኖረው ኦክላንድ ነበር። ኤይት ኤይቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና ጠዋት የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ላልነዳው ልንገረው፤ መኪናው ሁሉ ተገትሮ ይቆማል፣ ሰዉ መሪ ላይ ቁርሱን ይበላል፣ ሴቶቹ ይኳላሉ። የሚንቀሳቀሰው በግራ ጥግ ያለው መስመር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ካርፑል ነው፤ ሁለት ሰው ያልያዘ መኪና አይገባበትም፣ ከገባም ይቀጣል። ባሌ በዚያ መስመር እየከነፈ ይመላለስ ነበር፤ ሁለተኛ ሰው ነበረችው። ሁለተኛዋ ሰው እኔ አልነበርኩም።

ልጅቷ በዲቪ የመጣች፣ ከመጣችም ገና ዓመት ያልሞላት ናት። የምትኖረው በርክሌ፣ አጎቷ ሐጂ ቤት ነው፤ እዚህ አካባቢ ካለነው የወሎ ሰዎች በዕድሜም በክብርም የሚበልጡን እሳቸው ናቸው። ሥራ ያስገባት ባሌ ነው፤ እሱ ማሽን በሚጠግንበት ፋብሪካ ዕቃ ትገጣጥማለች። የዒድ ዕለት ከሶላት ስንወጣ ሐጂ የባሌን እጅ ያዝ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይቺን ልጅ አደራ ብዬሃለሁ። አገሩን አታውቅም፣ መንዳትም አትችልም። ይዘሃት ውጣ፣ ይዘሃት ግባ» አሉት።

«ምን ችግር አለው ሐጂ፣ መንገዴ ነው» አላቸው።

ወላሂ መንገዱ አልነበረም። በርክሌ ከኛ ቤት ወደ ሰሜን ነው፣ ሳን ሆዜ ወደ ደቡብ። ሰውዬው ሥራ ለመሄድ መጀመሪያ ከሥራው መሸሽ ነበረበት። ግን ሽማግሌ በዒድ ቀን እጅህን ይዞ አደራ ሲልህ ካርታ አውጥተህ አትከራከርም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ «ኧረ እኛ እያለን ምን ያሳስብዎታል» ብያለሁ። ምላሴን በቆረጠው።

ቆንጆ ናት ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ናት። ያቃጠለኝ ግን እሱ አይደለም፤ ቆንጆ ሴት ሳን ሆዜም ኦክላንድም ሞልቷል። ያቃጠለኝ መኪናው ነው። እኔን ይዞኝ ሲወጣ የልጃችን ብስኩት ፍርፋሪ፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ፣ አንዳንዴ ካልሲ ሳይቀር እግሬ ሥር ይንከባለል ነበር። እሷ መሳፈር ከጀመረች ወዲህ በየእሑዱ ቫኪውም ማድረግ አመጣ። ቀጥሎ የመስኮት መጋረጃ ገዛ፤ በራሱ በኩል ሳይሆን በተሳፋሪዋ በኩል። «ለፀሐይ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ ጠዋት ወደ ደቡብ፣ ማታ ወደ ሰሜን የሚነዳን ሰው ፀሐይዋ የምትመታው በግራው ነው፣ እሱን ራሱን ማለት ነው። እሱ እየተጠበሰ እሷን ያስጠልላል። እኔ ግን «ጥሩ አድርገሃል» አልኩት።

ማታ ሲገባ ደግሞ ፊቱ የረጋ ነው። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ሰው ተነጫንጮ፣ ወገቡን ይዞ ነው የሚገባው። እሱ ገላውን ታጥቦ እንደወጣ ሰው ዘና ብሎ ይገባል። እኔ የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ውዬ፣ በሁለት አውቶቡስ ተመላልሼ፣ ያን ፊት በር ላይ ስቀበለው በውስጤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምን እያወሩ ነው የሚመላለሱት? እኔ ተናጋሪ ነኝ፣ ቤታችን ውስጥ ጨዋታ የኔ ነው። የኔን ቀልዶች ወስዶ እሷን ሲያስቅባት ይታየኝ ነበር። እሷ ስትስቅ፣ እሱ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ዞር ብሎ ሲያያት። ሽንኩርት እየከተፍኩ ይህን ሳስብ ቢላዋው ሁሉ ይፈጥንብኝ ነበር።

እንግዲህ ምን ብዬ ልናገር? በአደራ ልጅ ቀናች ልባል? ሐጂ ቢሰሙ በየት በኩል ዓይናቸውን አያለሁ? ነገሩን ዋጥ አድርጌ ስብሰለሰል ከረምኩ።

እንዲህ እንዳለሁ መሥሪያ ቤታቸው አዲስ ነገር አመጣ። የኤሌክትሪክ መኪና በየወሩ እየከፈለ ሊዝ ማድረግ የሚፈልግ ሠራተኛ ካለ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከሊዝ ኩባንያው ጋር ይጨርስለታል፣ ክፍያውም ታክስ ሳይነካው ከደሞዙ ይቆረጣል። ባሌ እራት ላይ ይህን ሲያስረዳኝ እውነቱን ለመናገር በአንድ ጆሮዬ ነበር የምሰማው።

«ደግሞ ነጭ ስቲከር ይሰጡሻል» አለ። «ብቻሽን ሆነሽም ካርፑል ትገቢያለሽ።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መለስኩት። «ብቻ?» አልኩት።

«ብቻ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ። መኪናውን ለኔ ብሎ የሠራው ሰው ያለ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳን ሆዜ ወርደን ሁለት መኪና አየን። ሁለቱም አጠር ያሉ፣ ከኋላ ሙሉ በራቸው ወደ ላይ የሚከፈት፣ ለአስቤዛ የሚመቹ ናቸው። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ሰማያዊ። ነጯ በቅርብ የወጣች ናት፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሳን ሆዜ ደርሳ ትመለሳለች፣ በማግስቱም ደርሳ ትመለሳለች፣ ከዚያም ይተርፋታል። ወንበሯ ሰፊ፣ ስክሪኗ ትሪ የሚያክል። ሰማያዊዋ ቀደም ያለች ሞዴል ስትሆን ጠበብ ትላለች፤ ሳን ሆዜ ትደርሳለች፣ ለመመለስ ግን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ተሰክታ መዋል አለባት። ቤት ደግሞ የተፈቀደልን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ያለች አንዲት ተራ ሶኬት ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰክተሃት ብታድር የምትጨምርልህ ከግማሽ በታች ነው። የሰማያዊዋ ክፍያ ዝቅ ይላል፣ ግን ያን ያህል ጮቤ የሚያስረግጥ አይደለም። በአጭሩ፣ ጤነኛ ሰው የሚመርጠው ነጯን ነው።

ባሌ ጤነኛ ስለሆነ ልቡ ነጯ ላይ ወደቀ። ውስጧ ገብቶ ስክሪኗን ሲነካካ ጠብቄ ሻጩን ወደ ጎን ወሰድኩትና ካርታውን ስልኬ ላይ ከፈትኩለት። «ይቺ ሰማያዊ፣ በየቀኑ ከዚህ ተነስታ በርክሌ ሰው አድርሳ ኦክላንድ ብትገባ፣ ጠዋት ደግሞ በርክሌ ሄዳ ያንኑ ሰው ይዛ እዚህ ብትመለስ ትችላለች?»

ሻጩ ካርታውን አየና ራሱን ነቀነቀ። ማታውን በግድ ትወጣዋለች፣ በብርድ ጊዜ ሂተር ከተከፈተ እሱም ያጠራጥራል፣ ጠዋቱን ግን አትችለውም አለኝ። ያሳዘነኝ መስሎት ቶሎ ብሎ ወደ ነጯ ሊመራኝ ሞከረ። እኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ሰማያዊዋ ትሻላለች» አልኩት ባሌን፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ይቺ? ትልቅ ነገር የምትወጂው አንቺ?»

«ረጅም መንገድ ምን ይሠራልናል? ደሴ ልትሄድባት ነው? ሥራ ደርሰህ ትመለሳለህ፣ አለቀ። ነጭ ደግሞ ቆሻሻ አይችልም፣ ማን ሊያጥባት ነው?»

«እኔ አጥባታለሁ» አለ።

እንደሚያጥባትማ አውቃለሁ። ለማን እንደሚያጥባት ነው ያልወደድኩት። ቤት እስክንደርስ ነዘነዝኩት። ሄይዋርድን ስናልፍ ድንገት መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና፣ «ቆይ እንጂ፣ በዚህች መኪና በርክሌ እንዴት ነው የምደርሰው? ሐጂን ምን ልላቸው ነው?» አለኝ።

«እውነትህን ነው እንዴ? እኔ እኮ እሱን አላሰብኩትም» አልኩ። «ግን አንተ ምን አጠፋህ? እምቢ ያልከው አንተ አይደለህ፣ መኪናዋ ናት።»

በኛ ዘንድ ሰው እምቢ አይልም፤ ዝናቡ ነው፣ ጉንፋኑ ነው፣ አለቃው ነው እምቢ የሚለው። ባትሪ ከነዚህ ጋር ቢደመር ምን ይጎድላል? እሱም ሲያስበው ለብቻው ወደ ሰሜን መውጣቱ ሳይሰለቸው አልቀረም። ሰኞ ዕለት ሰማያዊዋን ፈረመ።

ሐጂ ዘንድ አብረን ሄድን። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ስለ ባትሪው አስረዳቸው፤ ስንት ይይዛል፣ ብርድ ምን ያደርገዋል፣ ሶኬታችን እንዴት ደካማ ነች። እስኪጨርስ ሰሙት።

«አዲስ ነው ያልከኝ መኪናው?» አሉት።

«አዎ ሐጂ።»

«አዲስ ሆኖ በርክሌ ያደክመዋል?»

«ከሳን ሆዜ ተነስቶ እኮ ነው ሐጂ።»

«የአባቴ በቅሎ ከኩታበር ደሴ ደርሳ በዚያው ቀን ትመለስ ነበር፣ ያውም ተጭና» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ አዩኝ፣ አዩኝና «እንግዲህ መኪናው ካልቻለ ምን ይደረጋል» አሉ። አስተያየታቸውን አልወደድኩትም።

በማግስቱ ልጅቷ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ላመሰግንዎት ነው ኮል ያደረግኩት። ይህን ሁሉ ጊዜ እናንተን አስቸገርኩ» አለች፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ። እትዬ ማለቷ ሳያንስ እርስዎ። በኔና በሷ መሀል ስንት ዓመት ቢኖር ነው? ባሌንስ ምን ብላ ነበር የምትጠራው? «ኧረ ምንም አይደል የኔ እህት» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ በባርት ባቡር ፍሪሞንት ድረስ፣ ከፍሪሞንት በአውቶቡስ መመላለስ ጀመረች። ጎህ ሳይቀድ እንደምትወጣ ሰማሁ። ትንሽ አዘንኩላት። ባሌ ከኔ የበለጠ ሳያዝንላት አይቀርም ብዬ ደግሞ በዚያም ቀናሁ።

እንግዲህ አሸንፌያለሁ አይደል? ስቲከሩ ተለጠፈ፣ ባሌ ብቻውን በካርፑል ይመላለሳል፣ ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ብርድ ሲገባ ሂተሩ ባትሪ እንዳይበላበት ጃኬቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ይነዳ ነበር። ግን ያ የረጋ ፊቱ ጠፋ። ደክሞት ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሶፋው ላይ ይወድቃል። ከዚያ በፊት ቀናሁ የምለው ለካ ጨዋታ ነበር፤ አሁን ነው የነደድኩት። ሴትዮዋ ከመኪናው ስትወርድ ፊቱን ይዛበት ወርዳለች ማለት ነው። ናፍቃዋለች አልኩ።

አንድ እሑድ ሳን ሆዜ ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ልጃችንን ጎረቤት ትተናታል። አዳራሹ አካባቢ መሰኪያ አልነበረምና ስንመለስ የባትሪው ምልክት መቅላት ጀመረ። ፍሪሞንት ላይ ወጥተን ከአንድ ትልቅ ሱቅ ጀርባ ቻርጀር አገኘን። ሰክቶ ተመልሶ ገባ። ሁለታችን በሰርግ ልብሳችን፣ የቆሻሻ መጣያ በርሜሎች ፊት ለፊት ቁጭ አልን። እሱ «ነጯን ብንወስድ ኖሮ አሁን ቤታችን ነበርን» አለ። ክፉ ብሎ አይደለም፣ እንዲያው ነው ያለው። እኔ ግን ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ከሷ ጋር ምን ነበር የምታወሩት?» አልኩት።

«ከማን ጋር?»

«ከማን ጋር እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አናወራም ነበር» አለ።

«አትዋሸኝ።»

«ወላሂ። ትተኛ ነበር እኮ። ስትገባ እንዴት አደርክ ትለኛለች፣ የቤይ ብሪጅን መገንጠያ ሳናልፍ ጭልጥ ትላለች። ማታም ያው ነው። ከሥራ መልስ ትምህርት ጀምራ ነበር፣ ሌሊት ስታጠና ነው የምታድረው። ቀስ ብዬ እነዳለሁ። እንዳትነቃብኝ ብዬ ሬዲዮ እንኳ አልከፍትም ነበር።» የባትሪውን ምልክት እያየ፣ «ዝም ያለ መኪና ደስ ይላል» አለ።

ቢያወሩ በተሻለኝ። ወሬ እኔም አለኝ፣ በወሬ ማንም አይበልጠኝም። ይቺ ግን እኔ የሌለኝን አገኘች። እኔ ባሌ በሚነዳው መኪና ውስጥ ተኝቼ አላውቅም። መንገዱን አብሬው ነው የምነዳው፤ «በቀኝህ፣ በቀኝህ» እላለሁ፣ ፍሬን በሌለበት ወለሉን እረግጣለሁ። እሱም እኔ ስገባ ስልኩ ላይ የአገር ቤት ዜና ከፍቶ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ትናንት የመጣች ልጅ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ሰጠችው፣ እሱ ደግሞ ትንፋሹን ይዞ እንቅልፏን ጠበቀላት። አንዲት ሴት ስለ ባሏ ከዚህ የባሰ ምን ትሰማለች? አልቅሼ ቢሆን ይወጣልኝ ነበር፤ እሱም አልመጣ አለኝ።

የሚበቃን ያህል ሲሞላ ነቀለና ተነሳን። አውራ ጎዳናው ላይ ሲገባ እንደ ልማዱ ዜናውን ከፈተ። እኔ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔስ ለምን አልተኛም? በእልህ ልተኛ ወሰንኩ። እንቅልፍ ደግሞ በእልህ አይመጣም። መስመር ሲቀይር ይሰማኛል፣ እግሬ ወለሉን ሊረግጥ ይላል፣ እይዘዋለሁ። ከንፈሬ ላይ «ቀስ በል» መጥቶ ይመለሳል። ዜናው ስለ መንገድ ግንባታ ሲያወራ ቆይቶ ስለ እህል ዋጋ ጀመረ።

ሳን ሊያንድሮ አካባቢ ስንደርስ ዜናው ቀጥ አለ። ዘጋው። ጎማው አስፋልቱ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እኔም ትንፋሼን እንደተኛ ሰው ማርዘም ጀመርኩ። ለኔም ዘጋልኝ አልኩ። ይህን ገና አስቤ ሳልጨርስ ትከሻዬን ነቅነቅ አደረገኝ።

«አንቺ፣ ተኛሽ እንዴ?»

ያቺን ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ሳይቀሰቅስ ያመላለሰ ሰው፣ እኔን ከፍሪሞንት ሳን ሊያንድሮ እንኳ መተው አቃተው። ዓይኔን ገለጥኩ። «አልተኛሁም። ምን ሆንክ?» አልኩት፣ ልጣላው ተዘጋጅቼ።

«ምንም» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ዝም ስትይብኝ ጊዜ ነው።»