አልከፈት ያለን መኪና

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በሐምሌ፣ እዚሁ ሪያድ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ ገብቼ በሩ ድው ብሎ ሲዘጋ ልቤ ትደነግጣለች። ለሰው ስነግር "እንዴት በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማ መሀል እንዲህ ይሆናል?" ይሉኛል። ሆነ። እኔም የምንከባከባቸው አሮጊት ሐጃም ከዚያ መኪና በሕይወት የወጣነው ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው፣ ከዚያም ወዲህ ባላየሁት ሰው ነው።

ሱወይዲ የሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ የአሠሪዬን እናት እንከባከባለሁ። ሁላችንም ሐጃ እንላቸዋለን። ኩላሊታቸው ስለደከመ ሆስፒታል እየተመላለሱ እጥበት ይደረግላቸዋል። እግራቸውም አይታዘዝም፤ ደግፌ ካላነሳኋቸው ከወንበር አይነሱም። ልጃቸው አቡ ናስር፣ የእኔ ከፊል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ በእሱ ስም የሆነው አሠሪዬ ማለት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ ይበዛበታል፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎ ይበርድለታል።

በዚያ ሰሞን አሮጌውን መኪና ሸጦ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሊገዛ ተነሳ። ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ትልቁ ባትሪ ይሻላል ወይስ ትንሹ? ትልቁ መንገድ ላይ ሳይሞላ ደማም ያደርሳል፤ ትንሹ ለከተማ ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ቻርጅ ማድረጊያው ግቢው ግድግዳ ላይ ይተከል ወይስ መንገድ ላይ ያሉት ፈጣኖቹ ይበቃሉ? ሚስቱ ጣሪያው ሙሉ መስታወት የሆነውን ፈለገች። እሱ ደግሞ የበሩ እጀታ ከመኪናው ጋር ተለጥፎ፣ ሲነኩት ብቻ ብቅ የሚለውን ወደደ። እኔንም ጠርተው "እናታችንን የምታስገቢያት አንቺ ነሽ፣ የቱ ይመቻል?" አሉኝ። እኔ ያየሁት የወንበሩን ከፍታና የበሩን ስፋት ነው። በሩ እምቢ ቢል በምን እንደሚከፈት የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ሻጩ በመጨረሻ "ወስዳችሁ ሞክሩት" ብሎ አንዱን መኪና ለጥቂት ቀን ሰጠን። ያን ዕለት ሐጃን ከእጥበት ስንመልሳቸው በእሱ ነበር። አቡ ናስር ደስ ብሎታል። "ፈጣኑ ቻርጅ ቶሎ ይሞላው እንደሆነ ልየው፣ የባትሪውን ነገር ከዚያ እወስናለሁ" አለና መንሱራ አካባቢ አንድ የገበያ ሕንፃ ጀርባ አቁሞ ገመዱን ሰካ። ቦታው ጭር ያለ ነው። ከጎኑ ገና እየተሠራ ያለ ሕንፃ አለ። የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት አዛን ስለተሰማ "ኤሲው እየሠራ ነው፣ ሰግጄ ልምጣ" ብሎን ወደ መስጊዱ ሄደ። እኔና ሐጃ ከኋላ ወንበር ነን። እሳቸው እጥበቱ አድክሟቸው ትከሻዬ ላይ ተደግፈዋል።

ብዙም ሳይቆይ ከፊት ያለው ትልቁ ስክሪን ብልጭ ድርግም አለና ጠቆረ። ወዲያው የኤሲው ድምፅ ቆመ። ተመልሶ ይበራል ብዬ ጠበቅሁ። አልበራም። የሪያድን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ ጣሪያው መስታወት ነው። ሙቀቱ ከላይ እንደ ፈላ ውሃ ወረደብን።

የበሩን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም። የመስኮቱን ተጫንኩ። ዝም። በሐጃ ላይ ተንጠራርቼ የወዲያኛውን በር ሞከርኩ። እሱም ዝም። አቡ ናስር ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ለሶላት ድምፁን አጥፍቶት ነው። በሁለቱ ወንበሮች መሀል ሾልኬ ወደ ፊት አለፍኩና በሩን ከላይ እስከ ታች ዳበስኩት። የነካሁትን ሁሉ ተጫንኩ። ምንም የለም።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ውሃ" አሉኝ ሐጃ። ውሃ አልነበረንም። ወደ ኋላ ተመልሼ አባያቸውን ከአንገታቸው ላላ አደረግሁላቸው። ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ላባቸው ቆመ። መስታወቱን በጡጫ እየደበደብኩ መጮኽ ጀመርኩ። በዐረብኛ ጮኽኩ፤ ዐረብኛው ሲጠፋብኝ "እመቤቴ ድረሽልኝ" እያልኩ ጮኽኩ።

ከሚሠራው ሕንፃ በኩል አንድ ሰው ብቅ አለ። ልብሱ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው፣ ራሱን በፎጣ ጠምጥሟል። መስታወቱን ተጠግቶ አየኝ።

"ሐበሻ ነሽ?" አለኝ ባማርኛ።

"ወንድሜ፣ በሩ አልከፈት አለን። እናትየው ሊሞቱብኝ ነው።"

እጀታውን ለመያዝ ሞከረ። የሚያዝ ነገር የለውም፤ ከብረቱ ጋር ተለጥፏል። በጥፍሩ ቧጨረው።

"መኪናው የማን ነው?"

"የከፊሌ።"

እጁን ከበሩ አነሳ። ወደ መስጊዱ አየ፣ ወደ መንገዱም አየ። "እህቴ፣ እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም" አለኝ። "የሳዑዲ መኪና ስሰብር ከያዙኝ ተርሒል ነው፣ ወደ አገር ይጭኑኛል።"

ምን ልበለው? ስበር ብለው እሱን አሳልፌ መስጠቴ ነው። ተው ብለው ሐጃ እጄ ላይ ያልፋሉ፤ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። የሐጃን ራስ በሁለት እጄ ቀና አድርጌ አሳየሁት። ዓይናቸው ግማሽ ተከድኗል። አየና ዞሮ ሮጠ።

ጥሎን የሄደ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። መጮኹንም ተውኩት፤ ሐጃን አቅፌ ቁጭ አልኩ።

ለካ መዶሻ ሊያመጣ ነው የሮጠው። "ፊታቸውን ሸፍኚ" አለና መታው። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ እንጂ አልወደቀም። ደግሞ መታው። ደግሞ። በኋላ እንደሰማሁት የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ተብሎ የሚመረጥ ድርብ መስታወት ነው፤ አቡ ናስርም ጸጥታውን ወዶት ነበር። ሰውየው መዶሻውን ጥሎ የተሰነጠቀውን በእጁ እየገነጠለ ቀዳዳ አበጀ። ከውጭ የገባው አየር ራሱ የሚያቃጥል ነበር፤ ለእኔ ግን ቀዝቃዛ መሰለኝ። የራሱን የውሃ ጠርሙስ በቀዳዳው አቀበለኝና የሐጃን ከንፈር አራስኩ።

በዚህ መሀል አቡ ናስር ከመስጊድ ሲመለስ አንድ የማያውቀው ሰው መኪናውን እየሰበረ አየ። "ሐራሚ! ሌባ!" እያለ ሮጦ ደረሰና አንገቱን አነቀው። ሰውየው አልታገለም። እኔ ለማስረዳት ብጮኽም አልሰማኝም። የሰማው የእናቱን ድምፅ ነው።

"ተወው ልጄ" አሉ ሐጃ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ። "እሱ ነው የደረሰልን።"

አቡ ናስር እጁ ወደቀ። በቀዳዳው እናቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ወደ ፊት እለፊ፣ ከመስኮቱ ቁልፍ አጠገብ ትንሽ ማንሻ አለች፣ ወደ ላይ ሳቢያት" አለኝ። ሻጩ ለእሱ ብቻ አሳይቶት ኖሯል። አልፌ ሳብኳት፤ የፊቱ በር ተከፈተ። ቅድም ስዳብስ እጄ ነክቷታል። ጌጥ መስላኝ አልፌያታለሁ።

ሐጃን በወንበሮቹ መሀል አሳልፈን በፊቱ በር አውጥተን ጥላ ውስጥ አስተኛናቸውና አምቡላንስ ተጠራ። የሰውየው እጅ ደም በደም ሆኗል። አቡ ናስር የራስ ሻሹን ፈቶ እጁን አሰረለት። ሳይረን ሲሰማ ሰውየው ዓይኑ መቅበዝበዝ ጀመረ።

"ሂድ ወንድሜ" አልኩት። "ስምህን ብቻ ንገረኝ።"

"ሰይድ" አለኝ። "አላህ ያሽራቸው፣ አይዞሽ።" በሕንፃው በኩል ገብቶ ጠፋ።

ከአምቡላንሱ ጋር የመጣው ፖሊስ መስታወቱን ማን እንደሰበረው ጠየቀ። አቡ ናስር ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና "እኔ ነኝ" አለ።

ሐጃ ሆስፒታል ሰንብተው ተሻላቸው። መኪናውን ሊወስድ የመጣው ሻጭ እንደነገረን ትልቁ ባትሪ ምንም አልሆነም፤ በሩንና መስኮቱን የምታሠራ ሌላ ትንሽ ባትሪ አለች፣ የሞተችው እሷ ናት። እኛ ያን ሁሉ ቀን የተከራከርነው በትልቁ ነበር። የኋላው በር ማንሻም የበሩ ኪስ ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር ተደብቆ ኖሯል። አቡ ናስር በኋላ የገዛው እጀታው እንደ ድሮ መኪና የሚያዝ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነውን ነው። ሐጃ ከመነሳታችን በፊት በሩን ከውስጥ በእጄ ከፍቼ እንድዘጋ ያዙኛል። አቡ ናስር ቸኩሎ እንኳ ቢሆን ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ሰይድን ፈልጌዋለሁ። አቡ ናስር ራሱ ይዞኝ ሄዶ ነበር፤ ሕንፃው አልቆ ሠራተኞቹ ተበትነዋል። ዕረፍት ሲኖረኝ መንሱራ እሄዳለሁ፣ ሐበሻ የሚሰበሰብበት ቦታ እጠይቃለሁ። ተይዞ ወደ አገር ይላክ፣ እዚሁ ይኑር፣ የሚያውቅ የለም። ፍርሃቱ እየቀነሰልኝ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልለቀኝም። ከወጣን በኋላ ዓይኔ ከሐጃ ስላልተነሳ ፊቱን የማስታውሰው በዚያ በተሰነጣጠቀ መስታወት እንዳየሁት ብቻ ነው፤ ባገኘው እንኳ መለየቴን እንጃ። መንገድ ላይ ሐበሻ የጉልበት ሠራተኛ ባየሁ ቁጥር ቆሜ አያለሁ፣ ከዚያ አልፋለሁ። ምናልባት አንዱ እሱ ነበር።