የጣሊያን በቅሎ ፍግ

መሬቴን ወሰዱብኝ። በሁለት እጄ ያዳንኩትን ግማሽ ጥማድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለሌላ ሰው ፈረዱት። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አርባ ዓመት ስናገር የኖርኩት ይህንን ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ እንደ አነጋገሬ ነው። ሌላውን ግማሽ እነሆ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ባለፈው ሳምንት የመጣ የእርሻ ባለሙያ ነው። ገና ልጅ ነው፣ ጫማው አዲስ። ገበሬውን ሰብስቦ ስለ ፍግና ስለ ብስባሽ ሊያስተምረን እዚያው መሬት ዳር አቆመን። ከአፈሩ ዘግኖ አሸተተና፣ «ዙሪያው ሁሉ ገርጥቶ ይሄ ብቻ የጠቆረው ለምንድን ነው? ማን ይነግረኛል?» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ዘሃራን አየኋት። መሬቱ የተፈረደላቸው የጋሽ ሙሄ ልጅ ናት፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት፣ የምታሳርሰውም እሷ ናት።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከደብረ ሲና በላይ ካለው አገሬ ረሃብ ገፍቶኝ ቆላ ወረድኩ። ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ ለመሙያ ብሎ የጋሽ ሙሄን ማሳ አፈር እንደ ቆዳ ገፎታል። የቀረው ሸክላ የመሰለ ደረቅ ነጭ መሬት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ይንሸራተትበታል እንጂ አይሰርግም። እሾህ እንኳ ጠልቶታል። ጋሽ ሙሄ ሚስታቸው ሞተው አንድ በሬና አንዲት ሕፃን ልጅ የቀሩላቸው ሰው ነበሩ።

«ከእኔ ጋር አድነውና ግማሹ ያንተ ይሁን» አሉኝ።

«በምን ይድናል?»

«በፍግ።»

ሳቅኩባቸው። በእኛ አገር ፍግ ኩበት ሆኖ ይነዳል እንጂ መሬት አይጎርሰውም።

«እናንተ ደገኞች» አሉኝ፣ «የመሬቱን እራት ታነዱና ከሳብን ብላችሁ ታለቅሳላችሁ።»

ፍጉ ግን ከየት ይምጣ? ከብቱን ጦርነቱ ጨርሶታል። ያለው ጣሊያን ጋ ብቻ ነበር። መንገዱ ዳር በረት ሙሉ በቅሎ ነበረው፤ ፍጉን ወንዙ አፋፍ ላይ አውጥቶ ይጥለዋል። ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። በጠራራ ፀሐይ በጆንያ ስመላለስ ዘበኛው አፍንጫውን ይዞ ይስቅብኛል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ በመደዳ እየቆፈርን፣ ፍጉን ከአመድና ከማሽላ አገዳ ጋር እንሞላበታለን፤ ነፋስ እንዳይወስደው የግራር ቅርንጫፍ እንጭንበታለን። ምሳችን የማሽላ ቂጣ በድልህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ትኩሱን ፍግ ልጨምር ስል ጋሽ ሙሄ እጄን ይመቱኛል። «ዘሩን ያቃጥለዋል። ይብሰል። ያንተስ ሆድ ጥሬ ይወዳል?»

ክረምቱ ሲገባ ማሽላው ከየጉድጓዱ ብቅ አለ። ጋሽ ሙሄ ተንበርክከው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እኔ እንባቸውን እንዳላየ ዞር አልኩ። ከማሽላው ጋር ግን ራሱ የአይጥ ጅራት የመሰለ፣ በይፋት ቆላ ማንም የማያውቀው ሣር በቀለ። በቅሎዎቹ በመርከብ የመጣላቸውን ድርቆሽ በልተው ዘሩን በሆዳቸው ይዘውልን መጥተዋል።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠቋሚ አርበኞችን አስይዞ ነበር። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ከካራቆሬ የመጣ ነጋዴ፣ «አርበኞቹ ጣሊያን ሰፈር የሚመላለሰውን ሰው እየፈለጉ ነው። የጣሊያን በቅሎ የሚበላውን ሣር ያውቁታል፤ የበቀለበትን ማሳ ይፈልጋሉ። ዛሬ ይወርዳሉ» አለኝ። ጋሽ ሙሄ ለጁምዓ ሄደዋል። ሮጬ ማሳው ገባሁና፣ በድንጋይ ለሁለት ከፍለነው ነበርና፣ በእኔ ወገን ያለውን ሣር ከሥሩ ነቅዬ ወንዝ ከተትኩት። የድንበሩ ድንጋይ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ጊዜ ነበረኝ። በእሳቸው ወገን ያለውንም ልነቅልላቸው፣ መስጊድ ድረስም ሮጬ ልነግራቸው እችል ነበር። ግን አንድ ቦታ ካገኙት ፍለጋቸው እዚያው ይቆማል ብዬ አሰብኩ። ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። አስቤ ነው።

አርበኞቹ የመጡት ጣሊያኖቹ ሙቀት ሸሽተው ከጥላ በማይወጡበት ሰዓት ነው። ጋሽ ሙሄ ከመስጊድ ሲመለሱ ማሳው ላይ አገኟቸው።

«ሽማግሌ፣ ይሄ ሣር ከየት መጣ?» አለ መሪያቸው።

«ከበቅሎ ፍግ።»

«ከማን በቅሎ?»

«ከጣሊያን። የገፈፈው እሱ ነው፣ ያልብሰው ብዬ።»

«ማን ተሸከመው?»

ወደ እኔ ሳያዩ፣ «እኔው ነኛ» አሉ።

ሰውዬው እኔን ጠየቀኝ። «የእሳቸውን ወገን አላውቅም» አልኩ።

ጠቋሚ አለመምሰላቸው ከጥይት አዳናቸው። ከጅራፍ ግን አላዳናቸውም። በሬያቸውንም ነዱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እግራቸው አልታጠፈም።

ጣሊያን ሲወጣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «ሙሄ በሬም እግርም የላቸውም፤ አንተ ጎልማሳ ነህ። ድርሻህን ልቀቅላቸው» አሉኝ። «በሬያቸውን እኔ አልበላሁ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ሙሄ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ያ ዝምታ ነው ያንገበገበኝ። እስኪሞቱ ድረስ ሰላም አላልኳቸውም።

ባለሙያው አሁንም አፈሩን ይዞ ይጠብቃል።

«የጣሊያን በቅሎ ፍግ ነው» አልኩት። «የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ የተገረፉበት የዚች ሴት አባት ናቸው። ሣሩን ከእኔ ወገን ነቅዬ የእሳቸውን የተውኩት ዐውቄ ነው።»

ዘሃራ ሻሽዋን አስተካከለች።

«አባቴ ያውቁ ነበር፣ ጋሼ።»

«ምኑን?»

«መንቀልዎን። በእርስዎ ወገን አፈሩ አዲስ ተገልብጦ ነበር። ከመስጊድ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ያ ደገኛ ገና ጥሬ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል› አሉኝ።» ቀና ብላ አየችኝና፣ «ለመብሰል ብዙ ቆዩ እንጂ» አለችኝ።

ይቅር በይኝ አልኳት። «የተገረፍኩት እኔ አይደለሁ» ብላ ወደ ማሳዋ ሄደች። እውነቷን ነው። ይቅር የሚሉኝ ሰው አፈር ገብተዋል፤ ከእኔ የሚፈለገው ያንን አቤቱታዬን መዋጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሬቴን ወሰዱብኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከላይ የጻፍኩት የመጨረሻው ነው።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ጣሊያን በወጣበት ዓመት ነው። ነገሩ ያለቀው ግን ባለሙያው በመጣበት ዕለት፣ ግንቦት 21 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው።