ነጭ ሆኖ የወጣው ጥጥ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በዚያ እሑድ በየኔታ ጥሩነህ ቤት የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ፤ ኋላ አልነበርኩም የሚል እንዳይኖር። አልጋው ጫፍ ላይ የግራ እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡት የኔታ ራሳቸው። ከግርጌ የቆሙት ባለቤታቸው እማማ የሺ። በሩ አጠገብ ጎረቤታቸው አያ ልየው። ተረከዙን በሁለት እጁ ደግፎ የያዘው ተማሪያቸው ዲያቆን ስመኘው። እና እኔ፣ ጥጡን የያዝኩት።

እኔ ቁይ ከተማ፣ ገበያው ዳር ሞባይል እጠግናለሁ። ትምህርቴን አቋርጬ የቀረውን ሁሉ፣ እንግሊዝኛውንም ጭምር፣ ከስልክ ላይ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። የኔታ ስኳር ነበረባቸው። ውስጥ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ሲል፣ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ዝናሽ አዲስ ዓይነት ፋሻ ላከች። ፋሻው ብር አለበት፤ አንገት ላይ የሚታሰረው ዓይነት ብር፣ ግን በዓይን እስከማይታይ የደቀቀ፣ ናኖ የሚሉት። ቀስ እያለ ይለቅና ቁስሉ ላይ ያለውን ጀርም ይገድላል። አብሮት የመጣውን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ። በጨው ውሃ እንዳይርስ የተጠነቀቅሁ፣ ንጹሕ ውሃ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩ፣ በቁስሉ ልክ የቆረጥኩ እኔ ነኝ። ቁስሉም ጠበበ። አያ ልየው «ዶክተር» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። እሳቸው ለቀልድ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት።

በዚያ እሑድ ፋሻውን ስፈታ ትንሿ ጣት ጠቁራ ተገኘች። እማማ የሺ «ይሸታል፣ ዛሬውኑ ማርቆስ ሆስፒታል እንውሰዳቸው» አሉ። አያ ልየው ግን እኔን ተመለከቱ።

«ቆይ እንጂ፤ እስቲ ዶክተራችን ይናገር።»

ወረቀቱ ላይ ብሩ ቆዳ ሊያጠቁር ይችላል፣ በራሰ ጥጥ ሲጠርጉት ግን ይለቃል የሚል ነበረበት። ይህንን ቀደም ብዬ በኩራት ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ ጥጡን አርሼ ጣቷን ጠረግሁ። ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። አገላብጬ፣ ጠንከር አድርጌ ጠረግሁ። አሁንም ነጭ። የኔታ ምንም አልተሰማቸውም፤ ጣሪያውን እያዩ ነበር። ደግሞስ ፋሻው እስከ ጣቷ መቼ ይደርሳል? የቆረጥኩት እኔ፣ ጫፉ የት እንደሚያልቅ የማውቅ እኔ!

ጥጡን በመዳፌ ውስጥ ጨበጥኩና «ብሩ ነው» አልኩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያነበብከው አንተ ነህ» አሉ የኔታ። «ኅዳር ጽዮን ትለፍና እሄዳለሁ። ልጆቹን ማን ያቆምልኛል?»

የኔታ የአቋቋም መምህር ናቸው። ለተማሪ የሚያሳዩት በእግራቸው ነው፤ የቱ ላይ እንደሚረገጥ፣ የቱ ላይ እንደሚነሣ። ያን እግር ነው «ብሩ ነው» ያልኩት።

አላወቀም ነበር እንዳትሉልኝ። ያላወቀ ሰው ጥጥ ይደብቃል? ማርቆስ ከሄዱ አንድ ሐኪም የእኔን ፋሻ ፈትቶ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል፤ አያ ልየውም ከዚያ በኋላ በስሜ ይጠሩኛል። የፈራሁት ይህንን ነው። ይህችን!

በዓሉ አለፈ። ማርቆስ ስንደርስ ከጉልበት በታች ከመቁረጥ ሌላ መንገድ አልነበረም። ሐኪሙ ለምን እንደዘገዩ ሲጠይቅ የኔታ «በዓል አቆየኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። እኔ የግራ ጫማቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

ቁይ ስንመለስ ብሩ አቃጠላቸው ተባለ። እማማ የሺ እኔ በጠገንኩላቸው ስልክ ዝናሽን «አባትሽን የበላው የላክሽው መርዝ ነው» ሲሏት ሰማሁ። መርዝ አልነበረም። ሥራውን ሠርቷል። ብር ጀርም ይገድላል እንጂ ጣቷን ያጠቆረውን የተዘጋ የደም ሥር አይከፍትም። ይህንንም አንብቤው ነበር። ግን ስልኩን ተቀብዬ ለዝናሽ አልነገርኳትም። ዝናሽ ለፋሲካ እንኳ መምጣት ተወች።

የኔታ አሁን ተቀምጠው በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን እየመቱ ያስተምራሉ። እግሩ የት እንደሚያርፍ የጠፋው ተማሪ ሲኖር ስመኘው ተነሥቶ ያሳያል። እኔን ባገኙኝ ቁጥር ስለደከምክልኝ ብለው ይመርቁኛል። ምርቃታቸው ያንገበግበኛል። በእርሳቸው ልናደድ? ምን አድርገውኝ? ጥርሴን ነክሼ አሜን የምል እኔ ነኝ።

ዝናሽ፣ አባትሽን የጎዳው የላክሽው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ ለማለት ግን ገና አፌ አልደፈረም፤ ያልተነገራቸው ሰው ምኑን ይቅር ይላሉ?

በመጀመሪያ የጠራኋችሁ ግን ነበራችሁ። እማማ የሺ፣ ሽታው የጀመረው ከመቼ ነው? ከዚያ በፊትም ነግረውኝ እኔ አልሰማ ብዬ ይሆን? አያ ልየው፣ ስናገር ፊቴ ምን ይመስል ነበር? ስመኘው፣ አንተ ተረከዙን ይዘህ ነበር፤ ፊትህ ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም። ጥጡን አይተኸዋል? እኔ ለራሴ አሳምሬ የጻፍኩት ካለ አፍርሱት፤ ያጎደልኩትን ሙሉት። ግን ከኋላዬ አይሁን። እኔም ባለሁበት፣ የኔታ እየሰሙ ይሁን።